ናኖሰከንድ ጅማ ላይ ማን ይለካል?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ አንድ የክፍያ ሲስተም ስንገመግም «ይቺ መስመር ትቀየር» አልኩ። በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ክፍል፣ ከውጭ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድ ከትክክለኛው ጋር የሚያወዳድረው በሜምሲኤምፒ (memcmp፣ ሁለት የባይት ረድፎችን የሚያወዳድር የሲ ዝግጁ ፈንክሽን) ነው። ኃላፊው ሳቀ። «ኔትወርኩ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። በዚህ ላይ ማን ነው ናኖሰከንድ፣ የሰከንድ ቢሊዮንኛ፣ የሚለካው?» ሐሳቤ ወደቀ፤ ሻይ ታዘዘ።

ሜምሲኤምፒ የመጀመሪያውን ልዩነት ሲያገኝ ያቆማል። ለፍጥነት ነው የተሠራው፤ ምስጢር ጠብቅ ያለው የለም። ሄርማታ መርካቶ ያለ የቡና መጋዘን አስቡ። ዘበኛው የይለፍ ቁጥር ይጠይቃል። የመጀመሪያው አሃዝ ከተሳሳተ ወዲያው «ሂድ!» ይላል። ሦስተኛው ላይ ከሆነ ስህተቱ፣ ትንሽ ቆይቶ «ሂድ!» ይላል። ሌባው ስድቡን ከቁም ነገር አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ከስድቡ በፊት ያለችውን ዝምታ ነው። እየተመላለሰ ቁጥሩን አንድ በአንድ ይለቅመዋል። 16 ባይት (እያንዳንዱ ከ256 ዋጋዎች አንዱ ነው) በጭፍን ልገምት ላለ ሰው የሙከራው ብዛት 39 አሃዝ አለው። ባይት በባይት ለሚለቅም ግን ቢበዛ 4,096 ግምት ይበቃዋል። ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የኤክስቦክስ 360 የጌም ማሽን መቆለፊያ በዚሁ መንገድ ነው የተሰበረው።

ኔትወርኩስ? ይቆራረጥ! ሌባው አንዱን ግምት ሺህ ጊዜ ይልካል፤ ጫጫታው አማካዩ ውስጥ ይሟሟል፣ ልዩነቱ ይቀራል። ተመራማሪዎቹ ብራምሊና ቦኔ እ.ኤ.አ. በ2003 ኦፕንኤስኤስኤልን (የታወቀ የምስጠራ ሶፍትዌር) ከሚጠቀም ሰርቨር የምስጢር ቁልፍ ያወጡት በኔትወርክ ላይ ሰዓት ቆጥረው ነው። ደግሞስ ሌባው ጅማ ተቀምጦ በኛ ኢንተርኔት ይሰቃይ ያለው ማን ነው? ሰርቨሩ አጠገብ ማሽን ቢከራይስ?

አዎ፣ አዳዲሶቹ ሜምሲኤምፒዎች ብዙ ባይት በአንዴ ስለሚያዩ ሌባውን ሥራው ይከብደዋል። ነገ ሰርቨሩ ሲቀየር የትኛው እንደሚመጣ ግን ኃላፊው ይንገረኝ።

መፍትሔው እኮ ያሳፍራል፣ ከቅለቱ የተነሳ። ሁለቱን ባይቶች በኤክስኦር (እኩል ከሆኑ ብቻ ዜሮ የሚሰጥ) አወዳድር፣ ውጤቱን በኦር (አንዴ የታየ ልዩነት የማይጠፋበት) አጠራቅም፣ ምንም ብታገኝ እስከ መጨረሻው ሂድ፣ ዜሮ መሆኑን መጨረሻ ላይ ብቻ እይ። ራስህ ከጻፍከው ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ብልጥ ልሁን ብሎ ሊያበላሽብህ ይችላል። ስለዚህ ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ያለውን ክሪፕቶ ሜምሲኤምፒ (CRYPTO_memcmp) ጥራ። እሱም እኩል ከሆኑ ዜሮ ነው የሚመልሰው፤ የተቀረው ኮድ አይነካም። ስም መቀየር ነው በቃ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ያልቅ ነበር።