እጅሽ በረካ አለው

ለደሴ አባወራ ሐውልት ይቁም የሚል ካለ ፊርማዬን ይዤ ቀድሜ እሰለፋለሁ። ቀልዴን አይደለም። አገር ምድሩ ኑሮ ተወደደ እያለ ሲያማርር መላውን ያገኘው እሱ ብቻ ነው። መላው ደግሞ አምስት ሳንቲም አያስወጣም። ወር ሲደርስ የአስቤዛውን ብር ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ሚስት ትቆጥራለች። ቆጥራ ቀና ትላለች። አፏን ሳትከፍት እሱ ይቀድማታል።

"አብሽሪ! አንቺ ታውቂበታለሽ። እጅሽ እኮ በረካ አለው።"

አለቀ። በጀቱ ጸደቀ። ተቃውሞ የለ፣ ድምፀ ተአቅቦ የለ።

ሰውዬው አቋም አለው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል ዶላሩ ተተኮሰ። ዘይቱ ተከተለው። ከዘይቱ ኋላ ሳሙናው፣ ከሳሙናው ኋላ ከሰሉ። የአስቤዛው ብር ግን ንቅንቅ አላለም። መስከረም 2013 ላይ የ200 ብር ኖት ሲወጣ "ይኸው፣ ለመቁጠርም ቀለለሽ" ብሎ የሰጣት ያው ብር ነው እስከ ዛሬ። ዋጋ ማረጋጋት ማለት ይሄ ነው። ብሔራዊ ባንክ ልምድ መቅሰም ከፈለገ ደሴ ድረስ ሰው ይላክ።

በረካው ከሰማይ የሚወርድ የሚመስለው ካለ ደግሞ ሰኞ ገበያ ደርሶ ይምጣ። ባለ በረካዋ ሴት ከሽንኩርት መደቡ ፊት ቁጢጥ ብላለች። ትልልቁን ዞር ብላም አታይ። ከትንንሹ፣ ከዚያም ጎኑ ለስለስ ካለው ውስጥ ደህና ደህናውን በጣቷ እየጫነች ትለያለች። ነጋዴዋ "እናቴ፣ መደቡን አታፍርሺብኝ እንጂ! የምትገዢ ከሆነ ግዢ" ትላታለች። ይከራከራሉ። ጥላት ትሄዳለች። ትመለሳለች። ከፍላ ስታበቃ "በይ መርቂኝ" ትላለች። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ትመረቃለች። የበረካው መጀመሪያ እሱ ነው።

ቤት ስትገባ የለሰለሰውን ጎን ቆርጣ ጥላ የቀረውን ድቅቅ አድርጋ ትከትፋለች። ያለ ዘይት ድስቱ ላይ ትጥለዋለች። ያዝ ሲያደርገው ሙቅ ውሃ ጠብ። ደግሞ ሲይዝ ደግሞ ጠብ። በርበሬው ይገባል፤ እሱም በውሃ ጠብታ እየተቁላላ ይበስላል። ዘይቱ የሚገባው ወጡ ሊወጣ ሲል ነው፣ ያውም በማንኪያ። መጨረሻ ላይ የገባ ዘይት ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። አባወራው ክዳኑ ሲነሣ ያንን ወዝ ያይና "ዛሬስ ዘይቱን ለቀቅሽው!" ይላል። ትንሽም ይመክራታል። ቁጠባ መማር ያለባት እሷ ናትና።

ስለ ሽሮማ ብናገር ይመሻል። ሽምብራው፣ አተሩ ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በሶብላው ገብቶበት ወፍጮ ይወርዳል። ከዚያ አንድ ጭብጥ ዱቄት ድስት ሙሉ ውሃ ያወፍራል። ከእሱ የተሻለ ተአምር አሳዩኝ። ደግሞ ሆድ መሙያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጤፍ የሚያንሰውን ሊሲን የሚባል የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬ ይሞላዋል፤ ሽሮ በእንጀራ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ይህን ሳይንሱ ሳይነግረን እናቶቻችን ሲያበሉን ኖረዋል። አባወራችን ግን ከሳይንሱ ቀድሞ ጥያቄ አለው፦

"ዛሬም ሽሮ?"

ምክርም አያጣም። አተር ተወደደ ብላ ብታነሣበት "ታዲያ ጓያ አታበዢበትም?" ይላል፣ ከሶፋው ሳይነሣ። እዚህ ጋ ቀልዱን ለአፍታ ላቁመው። ጓያ ድርቅ ይችላል፣ ርካሽም ነው። ግን ለወራት እሱኑ ብቻ ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል፤ የማይድን ሽባነት ነው። ወሎ ይህን ያወቀው በወሬ አይደለም፤ ደላንታ ከድርቅ ማግስት አይቶታል። ስለዚህ ሴትየዋ እሺ ትላለች፣ ግን አታደርገውም። ከቡናው ቀንሳ አተሩን ትገዛለች። ባልየው ሽሮውን ቀምሶ "አየሽ? ጓያው እኮ አጣፈጠው" ይላል።

እንጀራውም ራሱን የቻለ ሒሳብ ነው። ንጹሕ ጤፍ ማቡካት ድሮ ቀረ፤ ማሽላ ይደባለቅበታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ አንዴ ከጋለ የሦስት አራት ቀኑን ጋግሮ መነሣት ነው የሚያዋጣው። ግን የማሽላ እንጀራ ትኩሱን ካልተበላ በማግስቱ ይደርቃል፣ መሶብ ውስጥ ይሰባበራል። ጤፉን ካበዛችው ብሩ አይበቃም። ማሽላውን ካበዛችው እንጀራው አያድርም። በየቀኑ ልጋግር ብትል የመብራቱ ሒሳብ ይመጣል፤ ያውም መብራቱ ካለ። እሷ ድምዳሜው ላይ የምትደርሰው ሊጡን በእጇ እያማሰለች ነው። የደረቀው ፍርፍር ይሆናል፤ የባሰበት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ። ይህን ሁሉ አልፎ ጠዋት የቀረበ ፍርፍር ፊት ቁጭ ብሎ "የትናንቱ ነው እንዴ?" ለማለት ልዩ ተሰጥኦ ይጠይቃል። እኛ ከተማ ተሰጥኦው ሞልቷል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የባቄላው ነገር ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ይንተከተካል፣ ይንተከተካል፣ ሙቀቱ ግን ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ጥራጥሬ ከሰል ይጨርሳል። የሐረጎን ተራራ ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ከፍታው በ600 ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ ያው ባቄላ ፈጠን ይላል። አባወራው ይህን አልሰማም። የሰማው ኮምቦልቻ ያለችው እህቱ በአንድ ማዳበሪያ ከሰል ስንት ጊዜ እንደምትቆይ ነው። "ከእሷ ተማሪ" ይላታል። ሚስት ባቄላውን ከማታው ትዘፈዝፋለች፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ትጭናለች፣ ፍሙን በአመድ ትቆጥባለች። ከዚህ በኋላ የቀራት ከተማዋን ከጦሳ ተራራ ሥር ነቅላ ቆላ ማውረድ ነው።

አባወራው ራሱ ከቁጠባው ውጭ ነው እንዳትሉኝ። ይቆጥባል እንጂ! ምሳውን ከቤት ባለመብላት ይቆጥባል። ፒያሳ ወጣ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ኪሎ ጥብስ በሚጥሚጣ ያስቀርባል። ክርስቲያኑ በክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ በሙስሊሙ ሥጋ ቤት። ሥጋ ቤቱ ይለያይ እንጂ ልማዱ አንድ ነው፤ ወሎዬን ማን ሊለየው? ጥብሱ እየተንሰጠሰጠ ስለ ኑሮ ውድነት ውይይት ይከፈታል። "ሴቶቻችን ዘዴ ቢያውቁ ኑሮው ይህን ያህል አይከብድም ነበር" ይላል አንዱ፣ አጥንት እየጋጠ። "ኑሮ በዘዴ፣ ጾም በሁዳዴ" ብሎ ሌላው ይተርታል። ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ትርኢት። "በሞቴ እኔ ነኝ የምከፍል!" "ወላሂ አትከፍልም!" እጅ ከእጅ ይያያዛሉ። ኪስ እንደዚያ በፍቅር ሲከፈት ያየ ሰው ያው ኪስ ቤት ሲደርስ ዚፑ የሚዝገው ለምን እንደሆነ ይገርመዋል። ከዚያ ከሰዓት የሚቃመው አለ። እሱ አስቤዛ ውስጥ አይቆጠርም፤ ማኅበራዊ ጉዳይ ነው።

ስለ ጾሙ አላነሣም። በዓመት ከ180 በላይ የጾም ቀን ባለበት ሃይማኖት፣ የጾም ወራት በመጣ ቁጥር የክርስቲያን አባወራ መንፈሳዊነት እንዴት እንደሚጠነክር ካህኑም ያውቁታል። ለቤቱ ነው ታዲያ የሚጠነክረው።

እንግዳ ሲመጣ ነው በረካው የሚፈተነው። ወሎዬ እንግዳ ይወዳል፤ ይህ ሐሜት አይደለም። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበትን አዳራሽ አይጠየፍ ያሉት ደሃም ሀብታምም ሳይለይ እንዲስተናገድበት ነው፤ ዛሬም ከተማው መሐል ቆሟል። አባወራችን ራሱን የዚያ አዳራሽ ወራሽ አድርጎ ይቆጥራል። ልዩነቱ ንጉሡ ጎተራ ነበራቸው። እሱ ያለው ሞባይል ነው። ደውሎ "ሰው ይዤ እየመጣሁ ነው፣ ቤት ያፈራውን" ይላል። ሲደውል በር ላይ ደርሷል።

ሴትየዋ ድስቱን ከፈት ታደርጋለች። ለልጆቹ እራት የቀረ ወጥ አለ። አንድ ጭልፋ ሙቅ ውሃ ትጨምራለች። ግማሽ ጭብጥ ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ ትለቅበታለች፤ ሲወፍር ደግሞ አንድ ጭልፋ። አንዲቷን ቃሪያ ሰንጥቃ ላዩ ላይ ጣል። እንጀራውን በሰፊ ትሪ ትዘረጋውና የጎደለውን ጥቅልል ደርድራ ታስመስላለች። ትሪው ሞላ። ልጆቹ ጓዳ ገብተው ቆሎ ይዘዋል። እንግዶቹ ቆሎውን አላዩም። ያዩት ወጡን ነው። "እጅሽ ይባረክ! ምነው እንዲህ ያለ ሙያ!" ይላሉ። አባወራው ደረቱን ነፋ አድርጎ "ብሉ እንጂ፣ ምን አላችሁ?" ይላል። ምስጋናውን የሚቀበለው እሱ ነው፤ ቤቱ የእሱ ነዋ። እሷ ቡና እያፈላች ነው፤ አቦሉ ለእንግዳ፣ ቶናው ለእንግዳ፣ በረካው ደግሞ ስሙ ራሱ ይናገራል።

ታዲያ አንዲት ጎረቤቴ ባለፈው ደመወዝ ሰሞን ነገር አበላሸች። ባሏ ብሩን አስቀምጦ እንደ ልማዱ "እጅሽ በረካ አለው" ሲላት ብሩን አልቆጠረችም።

"ስማ እስኪ" አለችው። "እኔ እጅ ሲገባ ብሩ የሚበዛ ከሆነ ለምን ሁሉንም አትሰጠኝም? የጥብሱንም፣ የከሰዓቱንም። እኔ ጋ ሆኖ በረካ ያግኝና ወር ሲያልቅ እጥፍ አድርጌ ልመልስልህ።"

ሰውዬው ተያዘ። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው?

"በረካ እኮ ብር ሲበዛበት ይሸሻል።"

ይህን ጥበብ በማግስቱ ፒያሳ ወስዶ ለጓደኞቹ አካፈላቸው። ሁሉም በአንድ ድምፅ አጸደቁት፤ ተጨማሪ ግማሽ ኪሎም ታዘዘ።