13 ሰዓቱ የመልሱ ነው

ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ስለሚደረገው በረራ የወጣ አንድ ጽሑፍ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፣ በረራውም 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል ይላል። ርቀቱ ልክ ነው። ሰዓቱ ግን ከዳለስ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ነው እንጂ ከዚህ ሲኬድማ 16 እና 17 ሰዓት ሊደርስ ይችላል።

ምክንያቱ ቦሌ ራሱ ነው። ኤርፖርቱ ያለው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩም የክንፉም ጉልበት ይቀንሳል፣ ስለዚህ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ሻንጣ (ያውም የኛ ሰው ሻንጣ፣ በርበሬና ሽሮ የታጨቀበት!) እና አሜሪካ ድረስ የሚበቃ ነዳጅ አንድ ላይ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። ነዳጅ ቀነስ አድርጎ ይነሳና እንደ ደብሊን (አየርላንድ) ወይም ሎሜ (ቶጎ) ያለ ዝቅተኛ ቦታ አርፎ ይሞላል። የዳለስ ከፍታ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ከዚያ ሞልቶ በቀጥታ ይመጣል። ንፋሱም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ለመልሱ ያግዛል።

የሰዓት ልዩነቱንም አትርሱ፤ በአሜሪካኖቹ በጋ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው።

እናት አባቱን ለብቻቸው የሚልክ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ይንገራቸው፦ መሃል ላይ ሲያርፍ አብዛኛውን ጊዜ ተሳፋሪ አይወርድም። ደረስን ብለው ሻንጣቸውን እንዳያወርዱ።