ምስሉ፦ ከኢንተርኔት የተገኘ

በዚህ አገር የኢንተርኔትን ያህል የሚሠራ ሰው የለም። ሠርግ ፎቶግራፍ የሚያነሳው እርሱ ነው። የሐበሻ ቀሚስ የሚነድፈው፣ ጥለት የሚጥለው፣ ካባ የሚጠልፈው፣ ጎህ ሳይቀድ እንጦጦ ወጥቶ ከተማዋን በጭጋግ ውስጥ የሚያነሳትም እርሱ ነው። ማመን ያቃተው ሰው የፌስቡክ ገጾቻችንንና የቴሌግራም ቻናሎቻችንን ግርጌ ይመልከት፤ «ምስሉ፦ ከኢንተርኔት የተገኘ» ይላል። ይህን ሁሉ ሲሠራ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ሒሳቤ ዘገየ ብሎ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሠራተኛ በየትኛው ዘመን ተገኝቶ ያውቃል?

ግን ኢንተርኔት እዚህ ማዕረግ ላይ የደረሰው ብቻውን አይደለም። የሌላውን ላብ እየሰበሰቡ በእርሱ ስም የሚያስመዘግቡለት ታታሪዎች አሉት፤ ይህ ውዳሴም ለእነርሱ የቀረበ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይል የነበረው የጥንቱ ሰው ቀሚሱን ለማድረስ ስንት መከራ ነበረበት! ጥጥ ይገዛል፣ ያስፈትላል፣ ሸማኔ ደጅ ይመላለሳል፣ በመጨረሻም ልብስ ሰፊው «ነገ» እያለ ያንገላታዋል። የዛሬው ብልህ ለጥምቀት የሚያደርሰው ቀሚሱን ሳይሆን የቀሚሱን ፎቶግራፍ ነው። ጥር 11 ከመድረሱ ወር አስቀድሞ ቻናሉ በቀሚስ ይጥለቀለቃል። ባለ ቻናሉ ግን ከእነዚያ ቀሚሶች አንዱን እንኳ በእጁ ዳስሶ አያውቅም፤ እጁም ስላልነካቸው ሁሉም እንደነጡ ናቸው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው አጃኢብ ያሰኛል። አንዲት ዲዛይነር ወራት የፈጀችበትን ቀሚስ አስነስታ ትለጥፋለች፤ በስተቀኝ ጥግ ስሟ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ባለ ቻናላችን አስቀድሞ ያንን ጥግ ይቆርጣል። የቀሚሱ ዘርፍ አብሮ ቢቆረጥ፣ ጥለቱ ያለውም ዘርፉ ላይ ቢሆን ግድ አይሰጠውም። አንዳንዷ ደግሞ ተንኮለኛ ናት፤ ስሟን መሃል ደረት ላይ ታሳርፈዋለች። ለእርሷም መላ አለ፤ ትልቅ ቀይ አበባ ይለጠፍበታል። ከዚያ የልብሱ አሳዪ ልጅ ፊት በልብ ምልክት ይሸፈናል። ይህ ለክብሯ ታስቦ ነው፤ የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ሲሸጡ ማንነቱ እንዳይታወቅ መጠንቀቅ የጨዋ ልጅ ወግ ነው። ቀጥሎም የባለ ቻናሉ ስልክ ቁጥሮች ከትከሻ እስከ ወገብ እንደ ጃኖ ጥለት በሰያፍ ይጋደማሉ። ዋጋ አይጻፍም፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ነው፤ ዋጋ የቤተሰብ ምሥጢር ስለሆነ። እኔን ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደምመኝ በመጨረሻው መስመር ላይ የሚጻፈው ማስጠንቀቂያ ነው፦ «ፎቶዎቻችንን ያለ ፈቃድ መውሰድ በሕግ ያስጠይቃል!»

እዚህ ላይ ደንበኛውን ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ደንበኛዋ የዲዛይነሯ ሱቅ ድረስ ትሄዳለች። ቀሚሱን ትለካለች፤ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ቆማ በፊትም በኋላም ትነሳለች፤ እህቷ ደግሞ የእጅጌውን ጥልፍ ጠጋ ብላ ታነሳለች፤ የአንገቱን ልክ በስንዝር ትለካለች። «በጣም ነው የወደድኩት፤ አስቤበት እመለሳለሁ» ትላለች። ታስብበታለችም፤ የምታስብበት ግን ሽሮ ሜዳ ደርሳ ስልኳን ለልብስ ሰፊው እያሳየች ነው። «ልክ ይህን፤ ግን በግማሽ።» ባሕር ማዶ ያሉት ዘመዶቻችንም ከዚህ በረከት አልራቁም። ዋሽንግተን ያለችው ሙሽራ የአንዷን ዲዛይነር ሥራ ከስልኳ ላይ ቀድታ አዲስ አበባ ላለችው አክስቷ ትልካለች፤ አክስት ታሠራለች፤ መንገደኛ በሻንጣው ይወስዳል። የመልሱ ዕለት ፎቶግራፉ ይወጣል። ዲዛይነሯም ገጿን ስትከፍት የራሷን ቀሚስ ታየዋለች፤ ከሥሩም «ዲዛይኑ የራሴ ሐሳብ ነው» የሚል ተጽፎበት። ደግነቱ ልብ ምልክት ሰጥታ ታልፋለች፤ ሌላ ምን ታደርጋለች?

እንግዲህ ይህ ሁሉ ቅንነት ከየት እንደመጣ ለመረዳት ከስልኩ ቀና ብሎ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ መውጣት ያስፈልጋል። ሽሮ ሜዳ ላይ፣ በቀሚስ ከተንቆጠቆጡት ሱቆች ጀርባ ባሉት ጠባብ ቤቶች፣ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ሰድደው ተቀምጠዋል። እግራቸው ድሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ እጃቸው መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ ይልካል። ሜዳው ነጭ ሸማ ከሆነ ሥራው ይፈጥናል፤ ጥለቱ ላይ ሲደረስ ግን የድሩን ክር በጣት እየቆጠሩ፣ እያነሱ፣ ባለቀለሙን ክር አንድ በአንድ ማሳለፍ ነው። አንዲት ክር ከተሳተች አበባው ይጣመማል፤ የሚያስተካክልላቸው መሣሪያም የለም፤ ፈትተው እንደገና መጀመር ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ጥጡን ያባዘተች፣ በእንዝርት የፈተለች ሴት አለች፤ እርሷማ ከሁሉም የራቀች ናት፤ ፈትሏ እንጂ ፊቷ ገበያ አይወጣም። በዚህ ዓይነት ሳምንታት የሚፈጅ ቀሚስ በስልክ ላይ በጣት ሲገፋ ለማለፍ ዓይን እስኪጨፈን ያህል ጊዜ አይፈጅም። ፍጥነት ማለት ይህ ነው።

ቀድሞ ይህ ሸማኔ መከረኛ ነበር። ሸማ ስለሠራ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ አንጥረኛውም እንዲሁ በብረቱ ይነወር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ። የአዋጁን መንፈስ እስከ መጨረሻው የፈጸመው ግን የእኛ ትውልድ ነው። አባቶቻችን ሸማኔውን ስሙን ትተው ስድብ ሰጡት፤ እኛ ስሙንም ስድቡንም አንስተንለታል። ስም የሌለውን ማን ይሰድበዋል? ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ቢያዩ ኖሮ አዋጁ ባላስፈለጋቸው።

አንዳንድ ጊዜ ታዲያ አንዱ ባለሙያ ትዕግሥቱ አልቆ «ይህ የእኔ ሥራ ነው፤ ስሜን ጥቀሱልኝ» ብሎ ከሥር ይጽፋል። መልሱ እንዴት ያለ አገር ወዳድነት የሞላበት ነው! «ባህል የጋራ ነው» ይሉታል። «ይህ የአያት የቅድመ አያቶቻችን ጥበብ ነው፤ አንተ ማነህና የግልህ የምታደርገው?» ተሟጋቹ አገሩን ሊሰርቅ ሲል የተያዘ ያህል ይሸማቀቃል። እውነትም መስቀሉና ጥለቱ፣ ነጠላውና መቀነቱ የሁላችን ነው፤ እርሱ ከዚያ ላይ ተነስቶ ማንም አስቦት የማያውቅ አዲስ ቅርጽ ማውጣቱ ግን ለማንም አይታየውም። ሥራው ሳያምር ቢቀር ኖሮ የእርሱ ብቻ ይሆን ነበር፤ ስላማረ የአያቶቻችን ሆነ።

ይኸው ባህል የጋራ የሚሆነው ግን እስከ ጉምሩክ ድረስ ነው። በማሽን የተሠራ፣ ጥለታችንን የሚመስል ጨርቅ ከቻይና ገበያ ውስጥ ሲገባ አያድርስ ነው። «ጥበባችን ተዘረፈ!» የሚለው ጩኸት ገጹን ሁሉ ያጥለቀልቀዋል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጮኸውም ስልክ ቁጥሩን በሰው ደረት ላይ የሚያጋድመው ወንድማችን ነው። ቁጣው ትክክል ነው። የሽሮ ሜዳን ሸማኔ መዝረፍ የዜግነት መብት ነው፤ ባዕድ ምን አግብቶት? ይልቁንም የፋብሪካው ባለቤት ነውረኛነቱ ጨርቁን በትክክል ሠርቶ ማምጣቱ ነው። የእኛ ሰው ፎቶግራፉን ብቻ ነው የሚሸጠው።

ሕግ የሚባል ነገርም አለ ይሉናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል፤ ፎቶግራፍ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች አንዱ ነው፤ ሥራውን ያመነጨውም ሰው ባለቤትነቱ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት አለው። ከዚያም በፊት ንድፍን ማስመዝገብ የሚያስችለው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነበረ። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የወጣ ሕግ እኮ ገና ትኩስ ነው፤ እስኪበርድ ብንጠብቅ ምን አለበት? ደግሞም ሸማኔው ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ የቀን ገቢውን ትቶ፣ ማመልከቻ አጽፎ፣ ቻናሉ «የኛ ፋሽን» መባሉን እንጂ ባለቤቱ ማን መሆኑን ሳያውቅ ማንን ይከሳል? ኢንተርኔትን?

በዚህ መሃል ልማዳችንን የሚያበላሹ ሰዎች አይጠፉም። ሞዴሏ ሊያ ከበደ ለምለም የተባለውን የልብስ ሥራዋን እ.ኤ.አ. በ2007 ስትጀምር ጨርቁ በኢትዮጵያ ሸማኔዎች እጅ የተሠራ መሆኑን ማውራትን የንግዷ ዋና ነገር አደረገችው። የውጭ አገር ሰውም ለዚሁ ወሬ ጭምር ገንዘብ ይከፍላል ይባላል። ከእንዲህ ዓይነቱ መጥፎ አርአያ ልጆቻችንን እግዚአብሔር ይጠብቅልን። ዛሬ የሸማኔን እጅ ማውሳት የጀመረ ነገ ዋጋውን መጠየቁ አይቀርም።

የእኛዎቹ ባለ ገጾች ሲከፍሉም በሌላ ገንዘብ ነው። ወጣቱን ፎቶግራፍ አንሺ ይጠሩታል፤ ካሜራውን፣ መብራቱን፣ ረዳቱን ይዞ ይመጣል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ያነሳል። ሒሳብ ሲነሳ «በጀት የለንም፤ ግን ገጻችን ላይ ይወጣልሃል፤ ስምህ ይታወቃል» ይባላል። ሥራው ይወጣል። ስሙ አይወጣም። ሲጠይቅ «ጽሑፍ ሲበዛ ሰው አያነብም» ይሉታል። እውነት ነው፤ ከሥሩ ምስጋና የተቸረው ለአዳራሹ፣ ለኬኩ፣ ለዲኮሩ፣ ለሜካፑ፣ ለፀጉሩ፣ ለመኪናው፣ ለመኪናው አበባ፣ ደግሞም «በሐሳብ ከጎናችን ለነበራችሁ ሁሉ» ነው። ከዚህ በላይ አንድ ስም ቢጨመር ስልኩ ይሰበር ነበር።

ስለ ሽሮ ሜዳ ሲወራ የምሰማው አንድ ጨዋታ አለ፤ እውነት ይሁን ፈጠራ ባለቤቱ አልተገኘም፤ እኔም በልማዳችን መሠረት ከኢንተርኔት የተገኘ ልበለው። አንድ ሸማኔ ልጁ ስልክ ላይ የሚያሳየውን ቀሚስ ሲያይ ጥለቱን ያውቀዋል። ሲሠራው አረንጓዴ ክር አልቆበት፣ ሱቁም ተዘግቶ ስለነበር፣ አንዱን ረድፍ በሰማያዊ ሞልቶት ነበር፤ ያቺ ሰማያዊ ክር ስዕሉ ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ቁጥሩን አስመታና ደወለ።

«ውድ ደንበኛችን፣ እንኳን ደህና መጡ፤ ምን እንታዘዝ?» አለ ባለ ቻናሉ።

«የዚህ ቀሚስ ነገር ነው፤ ማን እንደሠራው ለማወቅ ፈልጌ ነበር።»

«የራሳችን ምርት ነው ጌታዬ፤ በራሳችን ባለሙያዎች ነው የሚሠራው። ለባለቤትዎ ነው ለልጅዎ?»

«እኔ እንኳ ሸማኔ ነኝ» አለ ሰውዬው።

«አሃ! ታዲያ እንዲህ አትልም?» አለ ባለ ቻናሉ፤ ጌትነቱንም አንቱታውንም እዚያው አወረደው። «ጥሩ ጊዜ ደወልክ፤ ትዕዛዝ በዝቶብን ሸማኔ እያፈላለግን ነበር። ፎቶውን እልክልሃለሁ፤ ልክ እንደዚህ አድርገህ ትሠራዋለህ?»

«እንደዚሁ አድርጌ እሠራዋለሁ።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። የመጀመሪያውን ለሙከራ ስለሆነ አንከፍልም፤ ከወደድነው ገጻችን ላይ እናወጣልሃለን። ደግሞ ያቺን ሰማያዊ ክር አደራ እንዳትረሳት፤ የእኛ መለያ እርሷ ናት።»