ልብስ ቤቱ ሲያንጓጥጠን ተጠያቂው ማነው? ክርክር

ጉዳዩ አጭር ነው። አንዲት ገዢ ወጣቶች ከሚሻሙበት ዘመናዊ ልብስ ቤት ጃኬት ገዛች። ለብሳው ሳትጠግብ የብብቱ ስፌት ተተረተረ። ይዛው ስትመለስ የሚያናግራት አጣች። ብዙ ከቆመች በኋላ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ተባለች። እሷ ጥፋቱ የሻጯ ነው ትላለች። ተከራካሪዋ በእንዲህ ያለ ሱቅ ሻጭ ሆኖ የሠራ ሰው ነው፤ ጥፋቱ የባለቤቱ ነው ባይ ነው።

ገዢዋ፦

ከስፌቱ በላይ ያንገበገበኝ አስተያየቷ ነው። ስገዛም ስመለስም ያገኘሁት አንዷኑ ልጅ ነው። ስገዛ "ውይ፣ ላንቺ ተብሎ የተሰፋ ነው የሚመስለው" ትለኝ ነበር። ሌላ ሳይዝ ስጠይቃት ሮጣ አመጣችልኝ። የተተረተረውን ይዤ ስመጣ ግን ጭራሽ አላወቀችኝም። ከላይ እስከ ታች ገረመመችኝ፤ ዓይኗ ጫማዬ ላይ ቆየ። "ደረሰኝ አለሽ?" አለች። ሰጠኋት። ሳታነበው ባንኮኒው ላይ ወረወረችውና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ሥራው አድካሚ ነው፣ ደሞዙም ትንሽ ነው፤ ይገባኛል። ግን "አንዴ ቆዪ፣ ኃላፊዬን ልጥራልሽ" ለማለት የደሞዝ ጭማሪ አያስፈልግም።

ደግሞ የጠየቅኩት ውለታ አይደለም። ብዙ ሰው ሁለት ነገር ያምታታል። ቀለሙ አላማረኝም፣ ሐሳቤን ቀየርኩ ብሎ መመለስ አንድ ነገር ነው፤ ሱቅ ገብቶ ለገዛ ሰው ይህን መፍቀድ በብዙ አገር የባለሱቁ በጎ ፈቃድ ነው። ተበላሽቶ የተሸጠ ዕቃ ግን ሌላ ነው። የብሪታንያ የሸማቾች መብት ሕግ (እ.ኤ.አ. 2015) ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ሙሉ ገንዘብ መቀበልን ይፈቅዳል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሻጩ ለጉድለት ቢያንስ ለ2 ዓመት ይጠየቃል። እዚያ ባለሱቁ ደረሰኙ ላይ የፈለገውን ማኅተም ቢመታ እነዚህን መብቶች አይሽራቸውም። አንድ ሻጭ ይህን ልዩነት ካላወቀ ከሕዝብ ጋር የሚያገናኝ ቦታ ላይ ምን ያደርጋል?

የቀድሞው ሻጭ፦

እህቴ፣ ንዴትሽ ትክክል ነው። የምትነጂባት ሰው ግን ትክክለኛዋ አይደለችም።

እኔ በሠራሁበት ሱቅ ኮሚሽን ነበር የምንበላው። የሸጥነው ሁሉ በስማችን ይመዘገባል። ዕቃው ከተመለሰ ደግሞ ከስማችን ይቀነሳል። ስለዚህ አንድ ሰው የተበላሸ ልብስ ይዞ ሲመጣ የሚመጣው ኪሳችን ላይ ነው። ያንን ስፌት የሰፋችው ሻጯ አይደለችም፤ ዕዳው ግን በእሷ ስም ይጻፋል። ባለቤቱ ሆን ብሎ ሻጩንና ገዢውን አፋጥጦ እሱ ከኋላ ይቀመጣል።

ገንዘብ የመመለስ ሥልጣንም አልነበረንም። ካዝናውን የሚከፍተው ኃላፊው ብቻ ነው። ኃላፊው ደግሞ ለትንሽ ነገር ሲጠራ ይቆጣል። "ራሳችሁ ሸኟቸው" ነበር መመሪያው። የምንሸኝበት መንገድ ያው አንቺ ያየሽው ነው፤ ዝም ማለት፣ ማስቆም፣ ማሰልቸት። ተስፋ የቆረጠ ገዢ ይሄዳል።

ሌላም አለ። መለያ ወረቀቱን ወደ ውስጥ ደብቀው ለአንድ ድግስ ለብሰው የሚመልሱ ሰዎች አሉ። አንገቱ ላይ ሜካፕ የተቀባ፣ ሽቶ የሚሸት ቀሚስ "አልለበስኩትም" ተብዬ ተቀብያለሁ። ቅጣቱ እኔ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ጀመርኩ። ቀናውም ሰው በዚያ መሃል ይጎዳል።

ጫማሽን ያየችውስ ለምን ይመስልሻል? እንዲህ ያሉ ሱቆች ሲቀጥሩ ራሳቸው መልክ ያያሉ። አበርክሮምቢ ኤንድ ፊች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዓመታት ሻጮቹን "ሞዴል" እያለ ይጠራ ነበር፤ እንዴት እንደሚለብሱ የሚወስን የመልክ ደንብም ነበረው። ሂጃብ በመልበሷ ሳትቀጠር የቀረች አንዲት ወጣት ጉዳይ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ፍርድ ቤቱ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ ኩባንያውን ሳይደግፍ ቀርቷል። ሰውን በመልኩ መዝነህ ቅጠር ከተባለ፣ የተቀጠረውም ገዢውን በዚያው ሚዛን ይመዝናል።

ገዢዋ፦

ወንድሜ፣ ስለ ኮሚሽኑ ያልከው እውነት አስደንግጦኛል። ያ ነውር ነው። ነገር ግን ስልክ መነካካትን ያዘዛት ማን ነው? ደረሰኝ መወርወርንስ? "አይቻልም" ማለት ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። ሰውን እንደሌለ መቁጠር የራስ ምርጫ ነው።

ደግሞስ ሱቅ ያደገው በዚህ መንገድ ነው እንዴ? አሪስቲድ ቡሲኮ በፓሪስ ቦን ማርሼ የተባለውን ትልቅ ሱቅ እ.ኤ.አ. ከ1852 ጀምሮ ያሳደገው ዋጋ ለጥፎ፣ ማንም ሳይገዛ ገብቶ እንዲያይ ፈቅዶ፣ ያልወደደውን እንዲመልስ አድርጎ ነው። ገዢን በማክበር ሀብታም መሆን እንደሚቻል ከታየ ቆየ።

የቀድሞው ሻጭ፦

አየሽ፣ የጠቀስሽው ባለቤቱን ነው! ደንቡን ያወጣው ቡሲኮ እንጂ ባንኮኒው ጋ የቆመችው ልጅ አይደለችም።

"ደንበኛ ንጉሥ ነው" የሚለውንም የሚያሰቅሉት ባለቤቶች ናቸው። የሚሸከመው ግን ሠራተኛው ነው። የሶሲዮሎጂ ምሁሯ አርሊ ሆክሺልድ እ.ኤ.አ. በ1983 በተለይ የበረራ አስተናጋጆችን አጥንታ፣ ፈገግታና ትዕግሥትም የሚሸጥ ጉልበት መሆኑን አሳይታለች። የማይከፈልበት ጉልበት ሲያልቅ ፊት ይጠቁራል። ባለቤቱም ብዙ አይከፋው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሞርጋን ዋርድና ዳረን ዳል ባወጡት ጥናት፣ በቅንጦት ብራንድ ሱቅ የተናቀ ሰው፣ በተለይ የዚያ ዓለም አባል መሆን የሚመኝ ከሆነ፣ ዕቃውን ይበልጥ ሊፈልገው ይችላል።

ገዢዋ፦

ያን ጥናት ጨርሰው እንጂ! ውጤቱ ርካሽ ልብስ በሚሸጡ ሱቆች ላይ አልታየም። በቅንጦቱም ቢሆን ጊዜ ሲያልፍ ፍላጎቱ ይበርዳል። እኔም ያንን ሱቅ ድሮ እወደው ነበር፤ አሁን በደጁ ማለፍም አልፈልግ። ለባለቤቱ እጽፋለሁ። ግን የልጅቷን አያያዝም አልተወውም።

የቀድሞው ሻጭ፦

ጻፊ። እሷ ያደረገችውንም ጻፊ፣ አልከለክልሽም። ግን ሁለት ጥያቄ ጨምሪበት። የተመለሰ ዕቃ ከሻጭ ኮሚሽን ይቀነሳል ወይ? ኃላፊው በሌለበት ሰዓት ገንዘብ የመመለስ ሥልጣን ያለው ማነው? ለሁለተኛው "ማንም" ብሎ ከመለሰልሽ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ልጅ ቢቀጥርም የምታገኚው መስተንግዶ ያው ነው።