ምስጋና ለለስላሳ ግንባሮች

ዘንድሮ ማርጀት ቀርቷል። ግንባር ላይ መስመር ይዞ አደባባይ መውጣት ስንፍና ነው። የፊት ሽብሽብ የሚያለሰልስ የሌዘር ጨረር እያለ! ስለት የለ፣ ስፌት የለ፣ ፋሻ የለ። ገብቶ ተተኩሶ መውጣት ነው።

እኔ ከሁሉ በላይ የማደንቀው የሌዘር ደንበኞችን ብልሃት ነው። ፊትን ያለ ጊዜው ከሚያሸበሽቡት ነገሮች ዋናዋ ፀሐይ ናት። አልትራቫዮሌት ጨረሯ ቆዳን ወጥሮ የሚይዘውን ኮላጅን ያፈራርሰዋል። ተራ ሰው ቢሆን ኮፍያ ያደርጋል፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይቀባል። የኛ ጀግኖች ግን እንዲህ ያለውን ርካሽ መላ ንቀውታል። ክሬሙ ፊት ያወዛል፤ ኮፍያው ፀጉር ያስተኛል። ስለዚህ ብርሃን ያበላሸውን በብርሃን ያስጠግናሉ። ከዚያ ፊታቸው ገና እንደቀላ ወጥተው ያቺኑ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሐኪሙ «ከፀሐይ ተጠንቀቁ» ብሎ ነበር። ይበላ! ቆዳው ጠየም ያለ ከሆነማ ጥቁር ነጠብጣብ በምርቃት ይጨመርለታል።

ትዕግሥታቸውስ ቢሆን? ማደንዘዣ ክሬም ተለቅልቆ መጠበቅ አለ። ዓይን ተሸፍኖ መጋደም አለ። ከዚያ ላስቲክ ተወጥሮ ጉንጭ ላይ ሲለቀቅ እንደሚቆነጥጠው ጨረሩ ቆንጠር፣ ቆንጠር ያደርጋል። ይህን ሁሉ ዝም ብለው የቻሉ ሰዎች የዚያኑ ዕለት ማታ መስታወት ፊት ቆመው «ምነው ምንም ለውጥ የለም?» ይላሉ። ይህ ዓይነቱ ሌዘር የላይኛውን ቆዳ ሳይልጥ ከሥር ያለውን ነው የሚያሞቀው። ሰውነት ተጎዳሁ ብሎ አዲስ ኮላጅን ይሠራል፤ ሥራው ግን ወራት ይፈጃል፣ ሕክምናውም ይደጋገማል። ለውጡም ቢመጣ ልከኛ ነው። ማን ይጠብቃል!

ደግነቱ የክሊኒኮቹ ፎቶ አለ። «በፊት» የሚለው ላይ መብራቱ ከላይ ይወርዳል፤ ሴትዮዋ አኩርፋለች፣ ስንጥቁ ሁሉ ጥላ ጥሏል። «በኋላ» ላይ መብራቱ ከፊት ለፊት ነው፤ ፈገግ ብላለች፣ ትንሽ ሜካፕም ጣል ተደርጓል። እዚህም ብርሃን ነው ተአምሩን የሠራው፤ አልዋሹም።

ይህ ሁሉ እንዲሆን አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ ሐኪሞች በ1983 እ.ኤ.አ. ጨረር ዙሪያውን ሳያቃጥል ዒላማውን ብቻ መርጦ ማሞቅ እንደሚችል አሳዩ። ምስጋናውን ግን የሚወስደው ሌላ ነው።

«ምን ተጠቅመሽ ነው እንዲህ ያማረብሽ?»

«ኧረ ምንም! ውሃ በደንብ እጠጣለሁ።»

ውሃው ግንባሯን አልፎ አንገቷ ጋ ሳይደርስ ለምን እንደቀረ እስካሁን የጠየቃት የለም።