የማይሞቱ 500 ዶሮዎች

የጅማ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣውን ከራሴ እጀምራለሁ፤ አለዚያ አትሰሙኝም።

ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሚያኮርፍ ኮፒ ማሽንና መጠረዣ። ከትምህርት ቤት በር ብዙም አልርቅም። ግንቦት ሲገባ መምህር የንግድ ዕቅድ ጽፋችሁ አምጡ ያላቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በረንዳዬ ላይ ይሰለፋሉ፤ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ቢዝነስ ፕላን አለ?» አለ። እንደ ብስኩት አለ። ፋይሉን እከፍታለሁ፣ ያለፈውን ልጅ ስም አጠፋለሁ፣ የዚህኛውን እጽፋለሁ፣ አትሜ በሰማያዊ ፕላስቲክ እጠርዛለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ገጽ 4 ላይ «የአዳማ ከተማ ገበያ» የሚል መስመር ተረስቶ ዓመት ሙሉ ስንት ልጅ ይዞት እንደሄደ ፈጣሪ ይወቀው። «ጅማ ተቀምጠህ አዳማ ምን ጥልቅ አደረገህ?» ያለ አንድ መምህር፣ አንድ ወላጅ አልሰማሁም።

ፋይሉ መጀመሪያ ለተማሪ የተሠራ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. መንግሥት ለወጣቶች 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲመድብ፣ ተደራጅተው ብድር የሚጠይቁ ልጆች እኔ ዘንድ ዕቅድ አስጻፉ፤ የዚያን ጊዜ ነው። 500 እንቁላል ጣይ ዶሮ። ዓላማው ብድር ማስፈቀድ ስለነበር ዶሮዎቹ ለጉድ ናቸው። አንዷም አትሞትም፣ አንዷም አትታመምም፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ወር ጀምረው በየቀኑ አንድ አንድ እንቁላል ይጥላሉ። ጫጩት አሳድጎ ያየ ሰው የሚያውቀው ሌላ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት እንቁላል እስክትጥል አምስት ወር ገደማ ትበላለች እንጂ አትሰጥም። ከጀመረችም በኋላ የማትጥልበት ቀን አለ። ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች፤ ለ500 አባዙት፣ በቀን ወደ 60 ኪሎ ይመጣል። ገቢ በሌለበት በእነዚያ ወራት መኖው በማን ብር እንደሚገዛ ፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር የለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይኼ ነው።

ይህን ነው ለ16 ዓመት ልጅ ዕቅድ ብለን የሰጠነው። እኔ ሸጥኩ፣ ወላጅ ከፈለ፣ መምህር ሽፋኑን አይቶ ከ20 18 ሰጠ። ሦስታችን ተባብረን ልጁን በቁጥር መዋሸት አስተማርነው።

እናንተ ወላጆች፣ እናንተ ትብሳላችሁ። ይቺ ከተማ በሂሳብ አትታማም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ሲራራ ነጋዴን ከሩቅ አገር ይጠራ ነበር። ዛሬም ጀንፈሉን (ከነቅርፊቱ ያለውን ቡና) በመዳፉ አሽቶ መድረቁን የሚያውቅ፣ 17 ኪሎዋን ፈረሱላ ወደ ኩንታል በቃሉ የሚመልስ ሰው በየመንደራችን አለ። የዚህ ሰው ልጅ ግን የአባቱ ሱቅ ኪራይ ስንት እንደሆነ አያውቅም! ማታ ሱቅ ተዘግቶ ብር ሲቆጠር «አንተ ሂድና አጥና» ይባላል። ጥናቱ እኮ እዚያ ነበር። በዱቤ የወጣው ስንት ነው? የተበላሸው ዕቃ ከማን ኪስ ወጣ? እቁቡ ወጪ ነው ወይስ ቁጠባ? (በዚህኛው እኔና ባለቤቴ እስካሁን አልተስማማንም።) ሌባ ይመስል ሂሳቡን ከልጃችሁ ትደብቃላችሁ፤ ከዚያ እኔ ጋ ልካችሁ የውሸት ሂሳብ ትገዙለታላችሁ።

ባለፈው ዓመት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ መጣች። «ጋሼ፣ ፋይሉን አልፈልግም፤ ይቺን ይጻፉልኝ» ብላ የሂሳብ ደብተር ዘረጋችልኝ። ሐሳቧ ቡና ቆልቶና ፈጭቶ በትንንሽ ከረጢት መሸጥ ነው። ሂሳቡ መጀመሪያ ላይ ቀላል ነበር፤ ጥሬውን በ600 ብር ገዝታ የተቆላውን በ700 ብትሸጥ ከኪሎ 100 ብር ይተርፋታል። ቀጥሎ ያለው ገጽ ስርዝ ድልዝ በዝቶበታል። ለካ እናቷን 5 ኪሎ አስቆልታ ወፍጮ ቤት ወስዳ አስመዝናው ኖሯል፤ 4 ኪሎ ከ200 ግራም። ቡና ሲቆላ ውኃው ይተናል፣ ገለፈቱ ይረግፋል፤ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። እናቷ ዕድሜ ልካቸውን ሲቆሉ ኖረው አንድ ቀን መዝነውት አያውቁም። 3,000 ብሩ ለ4.2 ኪሎ ሲካፈል ኪሎው 714 ብር መጣ። ከሰሉ፣ የወፍጮው፣ ከረጢቱ ገና ሳይነካ በየኪሎው 14 ብር ኪሳራ። ከግርጌው እንዲህ ይላል፦ «በ700 አያዋጣም። በ850 ይገዙኝ እንደሆነ ስምንት ሱቅ ጠየቅኩ፤ ሁለቱ ብቻ እሺ አሉ።»

ስተይብ ቆየሁ። በዚያ ኮምፒውተር ላይ ያለፈ ዕቅድ ሁሉ ቢሰበሰብ የዚህችን ደብተር ያህል እውነት አይወጣውም።

ከ20 11 አገኘች። በቀይ የተጻፈባት «ትርፋማ አይደለም፣ ሽፋን የለውም» የሚል ነው። አባቷ ደግሞ «ሟርተኛ! ሳትጀምሪ ኪሳራ ትጽፊያለሽ?» አሏት።

መምህራን ሆይ፣ ድካማችሁን አውቃለሁ። የሞላ ክፍል ልጆች ያመጡትን የጥራዝ ክምር በአንድ ሌሊት የሚያነብ ዓይን የለም። ግን 30 ገጽ ማን አዘዛችሁ? ማጠቃለያ፣ የገበያ ትንተና፣ የድርጅቱ ራዕይ እያሉ ገጽ መሙላት አበዳሪን ለማሳመን የመጣ ወግ ነው። ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው የብድር ውል በራሱ አይፈርምም፤ ገና የሚያባብለው አበዳሪ የለውም። ዕቅዱን የሚያነበው እሱ ራሱ ነው። ራሱን ለምን ይዋሽ? አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ ያ ገጽ ግን በእግሩ ሄዶ የጠየቀው ዋጋ ይኑርበት። የጠየቀበት ቀንም ይጻፍ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ እኔ የሱቄ በር ላይ የለጠፍኩትን የኮፒ ዋጋ ሦስት ጊዜ ቀይሬዋለሁ። ቀን ያልተጻፈበት ዋጋ ወሬ ነው።

ማካፈልም አስተምሯቸው። ይህን ሁሉም ይችለዋል ብላችሁ ታልፉታላችሁ፣ አይችሉትም። ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ለቦታዋ በወር 3,000 ብር ኪራይ ትክፈል እንበል። ከአንድ ስኒ የቡናው፣ የስኳሩና የከሰሉ ወጪ ተቀንሶ 5 ብር ይትረፋት። 3,000ን ለ5 ስታካፍል 600 ስኒ ነው፤ በቀን 20። ሃያ ሳይሞላ ከዋለች የምትቆላው ለባለ ቤቱ ነው። ድንበሩ እዚህ ጋ ነው፤ «ኪሳራም ትርፍም የሌለበት ነጥብ» ብላችሁ ሰሌዳ ላይ የምትጽፉት ይኸው ነው። ሰሌዳ ላይ ቀርቶ ሐሙስ ገበያ ስደዷቸው። አንዷን ባለ ጀበና አጠገብ ቁጭ ብለው ስኒ ይቁጠሩ። በርጩማ ጠራቢውን እንጨቱን ስንት እንደገዛው፣ አንዱን ለመጨረስ ስንት ቀን እንደሚወስድበት ይጠይቁት። ማር ሻጩ ሰፈፉን ምን እንደሚያደርገው ይጠይቁት። ይሰደቡ ይሆናል፤ ነጋዴ ዋጋ ጠይቆ የማይገዛ አይወድም። ቢሰደቡም ምንም አይሆኑም።

እና እባካችሁ፣ «አያዋጣም» ብሎ በቁጥር ላስረዳችሁ ልጅ ሙሉ ማርክ ስጡት። አባቶችም ሟርት አትበሉት። ልጃችሁ በወረቀት ላይ የከሰረው 14 ብር በእናንተ ብር ቢሆን ኖሮ ስንት ኪሎ ሸጦ ይነቃ ነበር? ወጣቶቹን ለብድር ያደራጃችሁ ሹማምንት፣ እናንተንም አውቃችኋለሁ። እነዚያ 500 ዶሮዎች ስንት ቡድን ስም ተጽፎባቸው ጠረጴዛችሁ ላይ አልፈዋል፤ ብድሩን እስከ ዛሬ ያልጨረሰ ጎረቤት አለኝ፣ ጠዋት ስንገናኝ እሱም እኔም መሬት መሬት እናያለን።

ዘንድሮ ግንቦት በረንዳዬ ላይ እንዳትሰለፉ። በራሱ እጅ የጻፈውን ይዞ ለሚመጣ ተማሪ በነፃ እተይባለሁ፤ ስርዝ ድልዙ በበዛ ቁጥር ደስ ይለኛል። የዶሮውን ፋይል ባለፈው ሳምንት አጥፍቼዋለሁ። ስንት ልጅ ፍላሽ ውስጥ እንዳለ ግን አላውቅም።