ጨዋው ጭራቅ ጎንደር ገባ

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2025 የወጣውን «ሲነርስ» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ሁለት ጊዜ አየሁት። መጀመሪያ ዋሽንግተን አካባቢ፣ ሲኒማ ቤት። በኋላ ጎንደር፣ አክስቴ ቤት፣ በላፕቶፕ፣ እኔው አስተርጓሚ ሆኜ።

እዚያ አገር ፊልም ከመታየቱ በፊት ተመዝኖ ያልቃል። የተቺዎቹ ነጥብ በፐርሰንት ስልክህ ላይ ነው። ይኼኛው ከ90 በላይ ነበረው። እኔም እንደ ሰዉ ውጤቱን አይቼ ትኬት ቆረጥኩ።

ታሪኩ በ1932 ሚሲሲፒ ነው። ደራሲና ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር። መንታ ወንድማማቾች (ሁለቱንም ማይክል ቢ. ጆርዳን ነው የሚጫወታቸው) ጭፈራ ቤት ይከፍታሉ። የአጎታቸው ልጅ ሳሚ ጊታር ይዞ ይመጣል። አባቱ ሰባኪ ነው፤ ዘፈኑን አይወድለትም። ሳሚ ሲዘፍን ግን የሞቱትም ያልተወለዱትም እዚያች ቤት ገብተው አብረው ይጨፍራሉ። የአፍሪካ ከበሮ መቺ አለ፣ ዲጄ አለ። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ትዕይንት አላየሁም። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ግን ከፖፕኮርን በቀር ድምፅ የለም። አንድ እልል የሚል ይጥፋ?

አክስቴ እዚያ ቦታ ላይ ረከቦቱን ትታ ተነሣች። «አንተ! ይኸማ ዛር ነው!»

ሳቅኩ። ግን ካነበብኩት ትችት ሁሉ ይኼ በለጠብኝ። በዚያው በ1932 እኮ ፈረንሳዊው ጸሐፊና የባህል አጥኚ ሚሼል ሌሪስ እዚሁ ጎንደር የባለዛሮችን ደጅ እየጠና፣ ዘፈኑንም መሥዋዕቱንም ይመዘግብ ነበር።

የኛ አዳዲስ ፊልሞችስ? ዩቲዩብ ላይ ያየኋቸው አብዛኞቹ አንድ ቪላ፣ አንድ ሀብታም አባት፣ አንዲት የቤት ሠራተኛ ናቸው። ዛር ከመጣ ለሳቅ ነው። አዝማሪውን እየሸለመ አዝማሪነቱን የሚንቅ አገር፣ ስንት ሳሚ ደጁ ላይ ተቀምጦለታል! ደግሞ ጎንደር «ጤዛ» በተባለው ፊልሙ ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተሸለመውን ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማን ያፈራች ናት። ይህን ስል «አበረታታ እንጂ!» ይሉኛል።

«ሲነርስ»ም ቢሆን ጉድለት አለበት። ጭፈራ ቤቱ ላይ ደም መጣጭ ጭራቆች (ቫምፓየሮች) ከመጡ በኋላ መንከስ፣ መተኮስ፣ ማቃጠል ነው። ሃያ ደቂቃ ቢቆረጥለት ባይ ነኝ። ዋሽንግተን ላሉ ጓደኞቼ ይህን ብላቸው «ነጥቡን አላየህም እንዴ?» አሉኝ።

አክስቴን የገረማት ግን ሌላ ነው። ደም መጣጮቹ «ግቡ» ካልተባሉ ደጃፍ አያልፉም። በር ላይ ቆመው ይለማመጣሉ።

«እንዲህ ያለ ጨዋ ጭራቅማ የት ይገኛል?» አለች ቶናውን እየቀዳች። «የኛዎቹ መች አንኳኩተው ያውቃሉ!»